ሰኞ ሰኞ የሚጎድለው ሂሳብ፦ የአንድ የፓይተን ፕሮግራም የትሬድ ስህተት ኮምቦልቻ ላይ እንዴት ተገኘ

ጉዳዩ ኮምቦልቻ ውስጥ ያለ አንድ የእህል መጋዘን ነው። ማሾና ማሽላ ይገዛል። ግዢው መጋዘኑ በር ላይ ብቻ አይደለም፤ ባቲ፣ ሐርቡና ከሚሴም ሚዛን ያዦች አሉት። ገበሬው እህሉን ያስመዝናል። ሚዛን ያዡ ካርኒ ቆርጦ ይሰጠዋል፤ ያንኑ የካርኒ ቁጥርና ኪሎ ደግሞ በስልኩ ያስገባል። መረጃው ኮምቦልቻ ቢሮ ያለው ኮምፒውተር ጋ ይደርሳል። እዚያ ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ተቀብሎ በሻጩ ሂሳብ ላይ ይደምረዋል፣ ኤስኪውላይት በሚባል ዳታቤዝ (የመረጃ ማከማቻ) ውስጥ ይመዘግበዋል፣ ከዚያ በሞደም በኩል ለሻጩ አጭር መልእክት ይልካል። "ዛሬ ይህን ያህል ኪሎ አስረክበዋል፤ ጠቅላላ ሂሳብዎ ይህን ያህል ብር ነው" ይላል መልእክቱ። ክፍያ የሚፈጸመው በሳምንቱ መጨረሻ ስለሆነ ይህች መልእክት ለገበሬው ቀላል ነገር አይደለችም። እህሉን ሰጥቶ ይዞ የሚሄደው እሷንና ካርኒውን ነው።

መጀመሪያ አቤት ያሉት ከባቲ የመጡ አንዲት እናት ናቸው። ማሽላ በሦስት ዙር አስመዝነዋል። "ልጄ፣ ካርኒዬ ሦስት ነው፤ ስልኬ ግን የሁለቱን ብቻ ነው የሚለኝ" አሏት ሂሳብ ሹሟን። ዳታቤዙ ሲታይ እውነትም ድምሩ ጎድሏል። ቀጥሎ ከሐርቡ የመጣ ሰው የሌላ ሰው ስምና ሂሳብ ስልኩ ላይ ደርሶት ይዞ መጣ። ሌላው ደግሞ አንድ ካርኒ ሁለት ጊዜ ተደምሮለት ተገኘ። ከዚያ ሁሉ በላይ ፕሮግራሙ አንዳንድ ቀን ጭራሽ ይቆማል። ስህተት አይጽፍም፣ አይዘጋም፣ ዝም ይላል። ዘግቶ መክፈት ብቻ ነበር መፍትሔው።

የመጋዘኑን ባለቤት ሀጂ እያልን ነው የምንጠራቸው። ያስጨነቃቸው ብሩ አልነበረም። "ገንዘቡስ ይተካል። ሰዉ ሚዛኔን መጠርጠር ከጀመረ ግን ምን ብዬ ገበያ እወጣለሁ?" አሉኝ። ልክ ናቸው። ይህ ዓይነቱ ስህተት የኮምፒውተር ጉዳይ ይመስላል እንጂ የሚያርፈው ሚዛን ላይ በቆመው ሰው ትከሻ ነው። ባቲ ያለው ሚዛን ያዥ ምንም ሳያጠፋ "ሌባ" ሊባል ነበር።

ፕሮግራሙን የጻፈው ልጅ ሥራ አግኝቶ አዲስ አበባ ገብቷል። ስደውልለት በደስታ ነው ያስረዳኝ። መጀመሪያ ፕሮግራሙ መዝገቦቹን አንድ በአንድ ይሠራ ነበር። መልእክት መላክ ጊዜ ስለሚወስድ ሰዉ ዘገየብን አለ። እሱም ስምንት ትሬዶች ያሉት ትሬድ ፑል አስገባበት። ትሬድ ማለት በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር ነው፤ ፑሉ ደግሞ ሥራውን የሚከፋፈሉት ትሬዶች ስብስብ። ፈጠነ። ከወራት በኋላ ቅሬታ ሲመጣ እዚህም እዚያም ሎክ (አንዱ ትሬድ ሲይዘው ሌላውን የሚያስጠብቅ ቁልፍ) ጨመረ፤ በየሥራው መጀመሪያ ላይ ደግሞ ግማሽ ሰከንድ ገደማ የሚያስቆም የታይም ስሊፕ መስመር አስገባ። "ከዚያ በኋላ ቀንሷል እኮ" አለኝ። በአዘቦት ቀን እውነትም ቀንሶ ነበር። ስሊፕ የትሬዶቹን ሽሚያ አያጠፋውም፣ ያሳንሰዋል። አልፎ አልፎ ብቻ ብቅ የሚል ስህተት ደግሞ ለመያዝ ከሁሉም ይከብዳል።

ከኮዱ በፊት ካርኒው

እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ወዲያው ኮድ ከፍቶ ሎክ ወደ መደርደር መሄድ ያጓጓል። እኔ ግን ካርኒዎቹ እንዲመጡ ጠየቅሁ። የካርኒ ወረቀት ትሬድ አይነካውም። እውነቱ እሱ ነው። ሂሳብ ሹሟ የአንድ ወር ካርኒ በሙሉ አወጣች፤ ከዳታቤዙ ጋር መስመር በመስመር አስተያየን።

እዚህ ላይ አንድ የሚያደናግር ነገር ነበር። ካርኒው ላይ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር፣ ሰዓቱም በእኛ ሰዓት ነው። ዳታቤዙ ደግሞ በፈረንጅ ቀንና ሰዓት ይጽፋል። ካርኒው "7፡20" ሲል ዳታቤዙ 13፡20 ይላል። ይህን አስቀድሞ ካላስተካከሉ ነገሮቹ መቼ እንደተገናኙ ማየት አይቻልም። የትሬድ ስህተት ሲፈለግ ደግሞ ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ "በዚያች ሰከንድ ሌላ ምን እየተሠራ ነበር?" የሚለው ነው።

ሰዓቶቹ ሲስተካከሉ ሥዕሉ ወጣ። የጎደሉት ካርኒዎች የትም አልተበተኑም። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ተሰብስበዋል። አብዛኞቹም ሰኞ ከሰዓት ናቸው።

"ሰኞ ሰኞ ምን የተለየ ነገር አለ?" ብዬ ጠየቅሁ።

"የባቲ ገበያ ነዋ!" አለች ሂሳብ ሹሟ፣ ይህ እንዴት ይጠፋሃል በሚል ዓይነት።

የባቲን ገበያ የማያውቅ የወሎ ሰው የለም። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው የሚገናኝበት ነው፤ ከግመል እስከ ማሽላ ይሸጥበታል። ሰኞ ቀን ባቲ ያለው ሚዛን ፋታ የለውም። ግን ብዛቱ ብቻውን አላረካኝም፤ ምክንያቱም ሰው ሲመዝን በየተራ ነው፣ በመዝገብና በመዝገብ መካከል ደቂቃ አለ። ሚዛን ያዡ ጋ ስንደውል ቀሪው ተገለጠ። ገበያው ሲሞላ ኔትወርክ ይጨናነቃል። አንዳንዴም መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ስልኩ ላይ ያለው አፕ ያኔ መዝገቦቹን ያጠራቅማል። ኔትወርኩ ሲመለስ የተጠራቀመውን በሙሉ በአንድ ትንፋሽ ይለቀዋል። የእኚያ እናት ሦስት ካርኒዎች በተለያየ ሰዓት ተቆርጠው ቢሮ የደረሱት ግን በአንድ ሰከንድ ውስጥ ነበር። ስምንቱ ትሬዶች ተሻሙባቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። ስህተቱ ለምን ቶሎ አልታወቀም? የዕለቱ ጠቅላላ ድምር ብዙ የተዛባ አይመስልም ነበር። አንዱ ሲጎድልበት ሌላው በድግግሞሽ ይጨመርለታል፤ ሁለቱ እየተቻቻሉ ድምሩ ከሚጠበቀው ብዙም አይርቅም። ስህተቱን ያዩት በግል ሂሳባቸው የተጎዱት ሰዎች ናቸው።

ጊል ያድነናል የሚለው እምነት

ወደ ኮዱ ስንመለስ አንድ መዝገብ ሲመጣ የሚሆነው ይህ ነበር። ትሬዱ የሻጩን የቆየ ሂሳብ ከዲክሽነሪ (ፕሮግራሙ በኮምፒውተሩ ሜሞሪ ከሚይዘው የሂሳብ ዝርዝር) ያነባል። የዕለቱን ዋጋ ከዳታቤዝ ይፈልጋል። አዲሱን መዝገብ ዳታቤዝ ውስጥ ያስገባል። ከዚያ ሎክ ይይዝና "የቆየው ሲደመር አዲሱ" ብሎ ዲክሽነሪው ላይ ይጽፋል። ሎኩን እንደያዘ መልእክቱን ይልካል። በመጨረሻ ዳታቤዙን ኮሚት ያደርጋል፤ ማለትም የጻፈውን ያጸድቃል።

ሎክ አለ። ጽሑፉን ይጠብቃል፤ ንባቡን ግን አይጠብቅም። ሁለት ጸሐፊዎች ከአንድ መዝገብ ላይ ያለውን ሂሳብ በየወረቀታቸው ገልብጠው፣ ጥግ ይዘው ደምረው፣ ተራ በተራ መጥተው ቢጽፉ ምን ይሆናል? የመጻፊያው ተራ መከበሩ ምንም አይጠቅምም። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ድምር ያጠፋዋል። የእናትየው ሂሳብ የጎደለው በዚህ ነው። ማንበብ፣ መደመርና መጻፍ አንድ ሥራ ናቸው። ሎክ ካስፈለገ ሦስቱንም አብሮ መሸፈን አለበት።

ብዙ ጊዜ የምሰማው መልስ "ፓይተን ጊል አለው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ነው የሚሠራው፤ ታዲያ እንዴት ይጋጫሉ?" የሚል ነው። ጊል የሚባለው የፓይተን አጠቃላይ ሎክ መኖሩ እውነት ነው። በተለመደው ፓይተን በአንድ ቅጽበት የፓይተን ኮድ የሚያስኬደው አንድ ትሬድ ብቻ ነው። ጊል የሚጠብቀው ግን የአስተርጓሚውን፣ ማለትም ኮዱን አንብቦ የሚያስኬደውን ፕሮግራም፣ የራሱን ውስጥ ነው። የእርስዎን ሂሳብ አይደለም። ሌላ ትሬድ እየጠበቀ ከሆነ የሚሠራው ትሬድ ጊሉን እንዲለቅ በየ5 ሚሊሰከንዱ ገደማ ይጠየቃል። ዲስክ ወይም ኔትወርክ ሲጠብቅማ ወዲያውኑ ይለቀዋል። በእኛ ፕሮግራም ውስጥ በንባቡና በጽሑፉ መካከል የዳታቤዝ ጥሪ አለ። በሩ ወለል ብሎ የተከፈተው እዚያ ነው።

ይህን ለሂሳብ ሹሟ ወንድም ላሳየው ሞከርሁ፤ ደሴ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር ልጅ ነው፣ አብሮን ይቀመጥ ነበር። እሱም የተማረውን ምሳሌ ጻፈ። ሁለት ትሬዶች አንድ ቆጣሪ ላይ አንድ አንድ እየጨመሩ፣ በመጨረሻ ይጎድላል የተባለ። አልጎደለም። ደጋግሞ አስኬደው፣ ሁሌም ሙሉ ነው። "እንግዲህ ችግር የለም ማለት ነው?" አለኝ። ይህ ብዙ ሰው የሚያሳስት ነገር ነው። ከፓይተን 3.10 ጀምሮ አስተርጓሚው ትሬድ ልቀይር ወይ ብሎ የሚያጣራው በተወሰኑ ቦታዎች ነው፤ በዋናነት ሉፕ (የሚደጋገም ኮድ) ወደ ኋላ ሲመለስና ፈንክሽን (በስሙ የሚጠራ የኮድ ክፍል) ሲጠራ። በቀላል ቆጣሪ ምሳሌ ንባቡና ጽሑፉ መካከል እንዲህ ያለ ቦታ የለም። ስለዚህ ስህተቱ ተደብቆ ይቀራል። መሃል ላይ አንዲት ትንሽ የፈንክሽን ጥሪ አስገባን። ወዲያው ጎደለ። የድሮው ምሳሌ ስላልተሰበረ ብቻ ኮዱ ደህና ነው ማለት አይቻልም።

ከዚያ የእውነተኛውን ሰኞ ድጋሚ ሠራን። የዳታቤዙን ቅጂ ወሰድን፤ በሥራ ላይ ያለውን አልነካንም። የአንድ ሰኞ ከሰዓት መዝገቦችን ከነቅደም ተከተላቸው አወጣን። በሞደሙ ቦታ ጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚጠብቅ የውሸት ፈንክሽን አስቀመጥን። ትሬዶቹ እኩል እንዲነሱ በባሪየር (ሁሉም እስኪደርሱ በሚያስጠብቅ መነሻ) አሰለፍናቸው። የመቀያየሪያውን ጊዜ ከ5 ሚሊሰከንድ ወደ አንድ ማይክሮሰከንድ አወረድነው፤ ለዚህ ሲስ በሚባለው የፓይተን ሞጁል (ዝግጁ የኮድ ጥቅል) ውስጥ ሴትስዊችኢንተርቫል የሚባል ፈንክሽን አለ። በወር አንዴ ሁለቴ ይታይ የነበረው ስህተት እንደፈለግን የምናስነሳው ሆነ። ከዚህ በኋላ ሥራው ቀለለ። ማስነሳት የሚቻል ስህተት ማጥፋትም ይቻላል።

ዝም ብለው የሞቱት መዝገቦች

የጎደለው ድምር ብቻ አልነበረም። ዳታቤዙ ውስጥ ጨርሶ ያልገቡ ካርኒዎች ነበሩ። ስህተት ግን የትም አልተጻፈም።

ፕሮግራሙን የጻፈው ልጅ ስህተቶችን የሚያየው በፕሪንት፣ ማለትም ስክሪን ላይ በሚጻፍ መስመር ነበር። ትሬዶች ሲበዙ የፕሪንት መስመሮች ይደባለቃሉ፤ የአንዱ መጨረሻ ከሌላው መጀመሪያ ጋር ይጣበቃል። እሱን አውጥተን ሎግ (የሥራ መዝገብ) በሚጽፈው የፓይተኑ ሎጊንግ ሞጁል ተካነው። እያንዳንዱ መስመር የትሬዱን ስም፣ ሚሊሰከንዱንና የካርኒውን ቁጥር እንዲይዝ አደረግን። የካርኒ ቁጥር መኖሩ በጣም ጠቀመን፤ የአንዲት ካርኒን ጉዞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መከተል ተቻለ። መጠንቀቂያ አለው፦ ሎግ ራሱ ጊዜ ይወስዳል፣ የትሬዶቹን ግጥጥም ይቀይራል። ሎግ ስንጨምር ከስህተቶቹ አንዱ ለጊዜው ጠፋ። ይህ ሲሆን "ተስተካከለ" ብሎ መነሳት አይገባም።

የሎጉ ታሪክ ግልጽ ነበር። አንዳንድ ካርኒ "ተጀመረ" ይላል፣ "አለቀ" ግን አይልም። መሃል ላይ ሞተዋል። ለምን አልጮሁም? ሥራ ለትሬድ ፑል ሰብሚት በሚባለው ትእዛዝ ሲሰጥ ፊውቸር የሚባል ነገር ይመለሳል። በሥራው ውስጥ ስህተት ከተነሳ ያ ስህተት ፊውቸሩ ውስጥ ይቀመጣል። ውጤቱን የሚጠይቅ ከሌለ ስህተቱም እዚያው ይቀራል። በዚህ ኮድ ማንም ውጤት አይጠይቅም ነበር። በፓይተን 3.8 የመጣው የትሬዲንግ ኤክሴፕትሁክ በተራ ትሬድ ውስጥ ያልተያዘ ስህተትን ለመያዝ ጥሩ ነው፤ ለፑል ግን አይደርስም፤ ፑሉ አስቀድሞ ይዞታል። በእያንዳንዱ ፊውቸር ላይ ሥራው ሲያልቅ የሚጠራ ፈንክሽን አስገባን፤ ስህተት ካለ ሎግ ላይ ይጽፋል።

በማግስቱ ሎጉ "ዳታቤዝ ተቆልፏል" በሚል ስህተት ተሞላ።

ኤስኪውላይት በአንድ ጊዜ አንድ ጸሐፊ ብቻ ነው የሚፈቅደው። ሌላው ይጠብቃል። በፓይተን የኤስኪውላይት ሞጁል ካልቀየሩት በቀር የሚጠብቀው 5 ሰከንድ ነው፤ ከዚያ ስህተት ይጥላል። ለአንድ መስመር ጽሑፍ 5 ሰከንድ ከበቂ በላይ ነው። ታዲያ ማን ነው ይህን ያህል ጊዜ የሚይዘው? መልሱ ከላይ ባለው ቅደም ተከተል ውስጥ ነው። ትሬዱ መዝገቡን ያስገባል፤ ፓይተን በዚያች ቅጽበት ትራንዛክሽን (ኮሚት እስኪደረግ ክፍት የሚቆይ ሥራ) ይከፍታል፤ ትሬዱ ግን ኮሚት ከማድረጉ በፊት መልእክት ይልካል። መልእክቱ እስኪሄድ ዳታቤዙ እንደተቆለፈ ነው።

መልእክቱ ደግሞ የአማርኛ መልእክት ነው። በላቲን ፊደል የሚጻፍ አጭር መልእክት 160 ፊደል ይይዛል። በግዕዝ ፊደል ሲሆን 70 ብቻ። ከዚያ ካለፈ ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ደግሞ 67 ፊደል ብቻ ይይዛል። "ጠቅላላ ሂሳብዎ" የሚለው ደግ መልእክት ተቆርጦ በሁለት በሦስት ቁራጭ ይሄድ ነበር። በተጨናነቀ ኔትወርክ እያንዳንዱ ቁራጭ ሰከንዶች ይፈጃል። ከኋላ የተሰለፉት ትሬዶች 5 ሰከንዳቸው አልቆ በዝምታ ይሞታሉ። ይባስ ብሎ ቢሮው ለባቲው ስልክ "ደርሶኛል" የሚለውን መልስ የሚሰጠው ገና መዝገቡ እንደደረሰ፣ ሳይጻፍ ነበር። ስልኩም አምኖ የራሱን ያጠፋል። ወረቀቱ ባይኖር ኖሮ የእነዚያ ሰዎች እህል የሚታወቅበት መንገድ አልነበረም። ይህን ሳውቅ በጣም ነው የከበደኝ።

ድግግሞሹ የመጣው ከዚሁ ከመልሱ ነው። የቢሮው መልስ መንገድ ላይ ሲጠፋ ስልኩ ድጋሚ ይልካል። ፕሮግራሙ "ይህ ቁጥር አለ ወይ?" ብሎ የኮምፒውተሩ ሜሞሪ ውስጥ ያያል፤ ከሌለ ይቀጥላል። ሁለት ትሬዶች በአንድ ጊዜ ሲጠይቁ ሁለቱም "የለም" የሚል መልስ ያገኛሉ።

የተሳሳተ ሰው ጋ የደረሰው መልእክት አጭር ታሪክ ነው። ሞደሙ ትእዛዝ የሚቀበለው በተራ ነው፦ መጀመሪያ ስልክ ቁጥር፣ ከዚያ ጽሑፉን የሚጠብቅበት ምልክት፣ ከዚያ ጽሑፉ። ዋናው የመላኪያ ፈንክሽን ሎክ ይይዛል። ያልሄዱትን መልሶ የሚልከው ሌላ ፈንክሽን ግን ሎክ የሚባል ነገር አያውቅም። በአንዱ ቁጥርና በአንዱ ጽሑፍ መካከል ገብቶ ያበላሻል።

የሚቆመው ፕሮግራም

ፕሮግራሙ ዝም ሲል ምን ላይ እንደቆመ ለማየት ፎልትሃንድለር የሚባለውን የፓይተን ሞጁል ተጠቀምን። የተወሰነ ጊዜ ጠብቆ ሁሉም ትሬዶች የትኛው መስመር ላይ እንዳሉ ፋይል ላይ ይጽፋል። በየጥቂት ደቂቃው እንዲጽፍ አድርገን ሰኞን ጠበቅን። የሚሠራውን ፕሮግራም ሳይነኩ ከውጭ ለማየት ፓይስፓይ የሚባል መሣሪያም አለ፤ ግን ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተሩ አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ስላልነበረ ፋይሉ ተሻለን።

ሰኞ ከሰዓት ቆመ። ፋይሉን ከፈትን። አንዱ ትሬድ የሂሳቡን ሎክ ይዞ የሞደሙን ሎክ ይጠብቃል። ይህ መልእክት ሊልክ የነበረው ነው። ሌላው የሞደሙን ሎክ ይዞ የሂሳቡን ይጠብቃል። ይህኛው ከገበሬዎች የሚመጣ መልእክት የሚያነበው ነው። ሻጮች "ሂሳብ" ብለው ሲልኩ ድምራቸው ይመለስላቸዋል። ትሬዱ ሞደሙን እንደያዘ ሂሳቡን ሊያይ ሄዷል። ሁለቱም አይለቁም። ዴድሎክ። መልእክት የሚልከው ትሬድ ደግሞ ኮሚት ስላላደረገ ዳታቤዙም አብሮ ተቆልፏል፤ ስለዚህ ከዚያ በኋላ የሚመጣው መዝገብ ሁሉ 5 ሰከንድ እየጠበቀ ይሞታል። የጎደሉት ካርኒዎች በደቂቃዎች ውስጥ የተሰበሰቡት ለምን እንደሆነ እዚህ ላይ ተፈታ። እነዚያ ደቂቃዎች ፕሮግራሙ ከቆመበት እስከተከፈተበት ያሉት ናቸው።

ለዴድሎክ የሚታወቀው መድኃኒት ሎኮችን ሁሌም በአንድ ቅደም ተከተል መያዝ ነው። ይሠራል። ግን ነገ ሌላ ሰው ኮዱን ሲነካ ቅደም ተከተሉን ያስታውሳል ወይ? የልጁ ታሪክ ይህን አሳይቶናል፤ ቅሬታ በመጣ ቁጥር ሎክ እየጨመረ ነው ዴድሎክ ውስጥ የገባው። ስለዚህ ሎክ ከማስተካከል ይልቅ የጋራ ነገሩን ራሱን ማስቀረት መረጥን።

ጥገናው

ዳታቤዙ ባለቤት አገኘ። የሚጽፈው አንድ ትሬድ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ መዝገቡን ወረፋ ላይ ያስቀምጣል። ፓይተን ለዚህ ኪው የሚባል ሞጁል አለው፤ በውስጡ የራሱን ሎክ ስለሚይዝ እኛ ሌላ አንጨምርም። ሞደሙም እንዲሁ፤ መላክ፣ መቀበልና መልሶ መላክ የአንድ ትሬድ ሥራ ሆነ። ለወረፋው የመጠን ገደብ አበጀንለት፤ ያለዚያ ሞደሙ ሲዘገይ የኮምፒውተሩ ሜሞሪ እየሞላ ይሄዳል።

የሂሳብ ዲክሽነሪው ቀረ። ድምሩ በተፈለገ ጊዜ ከመዝገቦቹ ይደመራል። ለዚህ መጋዘን መጠን ዳታቤዙ ይህን በቅጽበት ነው የሚሠራው። ድምር የሚባል የጋራ ነገር ከሌለ የሚሻሙበትም ነገር የለም። የካርኒ ቁጥር ከነጣቢያው በዳታቤዙ ውስጥ እንዳይደገም ተደረገ፤ ስልኩ አንዱን ካርኒ ደጋግሞ ቢልክ ዳታቤዙ ሁለተኛውን አይቀበልም፣ ቢሮውም "ደርሶኛል" ብሎ ይመልሳል። ይህ መልስ አሁን የሚሰጠው ኮሚት ከተደረገ በኋላ ብቻ ነው። መልእክቱም በትራንዛክሽን መሃል አይላክም። ከመዝገቡ ጋር አብሮ "የሚላኩ" በሚል ሰንጠረዥ ውስጥ ይጻፋል፤ ኮሚት ሲደረግ የሞደሙ ትሬድ ከዚያ ያነሳዋል። መብራት ቢጠፋ እንኳ ያልተላከው ተጽፎ ይቆያል።

ሂሳብ ሹሟ ሪፖርት ስታወጣ ጽሑፉን እንዳታግድ ዳታቤዙን ዋል በሚባለው አሠራር ላይ አደረግነው፤ ኤስኪውላይት ይህን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ዋል ጸሐፊዎችን ሁለት አያደርጋቸውም፤ አንባቢና ጸሐፊ እንዳይጠባበቁ ብቻ ነው የሚያደርገው። ትሬዶቹ ዴመን እንዳይሆኑም አደረግን። ዴመን ትሬድ ፕሮግራሙ ሲዘጋ በሥራው መሃል ይቆረጣል። አሁን ሲዘጋ ለእያንዳንዱ ወረፋ የማብቂያ ምልክት ይላካል፤ ትሬዱ የያዘውን ጨርሶ ይወጣል። ታይም ስሊፖቹን በሙሉ አወጣናቸው።

የተማሪው ልጅ ጥያቄ እዚህ ላይ ተነሳ። "ጊል የሌለው ፓይተን ወጥቷል አይደል? እሱን ብንጭን አይሻልም?" እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ኦክቶበር የወጣው 3.13 ጊል የሌለበትን አሠራር በሙከራ ደረጃ ይዞ መጥቷል፣ በ2025 የወጣው 3.14 ደግሞ በይፋ ይደግፈዋል። ግን የዚህ መጋዘን ሥራ መጠበቅ ነው እንጂ ስሌት አይደለም። ሞደሙ አንድ ነው፣ ጸሐፊው አንድ ነው። ጊል ቢነሳ የሚፈጥን ነገር የለም። የድሮው ኮድ ያለ ጊል ቢሄድ ኖሮ ደግሞ በአዘቦት ቀንም ሊጎድል ይችል ነበር።

ያንን የሰኞ ሙከራ በአዲሱ ኮድ ላይ ደጋግመን አስኬድነው። ካርኒው፣ ዳታቤዙና የተላከው መልእክት አንድ ሆኑ። ሥራ ላይ የዋለው ግን ወዲያው አይደለም። የድሮውና አዲሱ ጎን ለጎን እየሠሩ አንድ የባቲ ገበያ አለፈ፤ መልእክት የሚልከው የድሮው ብቻ ነበር። ማታ ሂሳብ ሹሟ ሁለቱን ከካርኒው ጋር አስተያየች። የድሮው እንደልማዱ ጎደለ፣ አዲሱ ገጠመ።

ከዚያ ሀጂ ካርኒዎቹ በሙሉ እንደገና እንዲደመሩ አዘዙ። የጎደለባቸው ሰዎች ተደውሎላቸው ልዩነቱ ተከፈላቸው። በድግግሞሽ ትርፍ የተከፈላቸው ግን ይቅርላቸው አሉ። "እነሱ አልሰረቁኝም" ነበር ያሉት። ባቲ ያለውን ሚዛን ያዥም ራሳቸው ሄደው ሰው ፊት "ጥፋቱ ያንተ አይደለም፣ አብሽር" አሉት። የሌላ ሰው ሂሳብ ስልኩ ላይ ለደረሰው ሰውና ሂሳቡ ለታየበት ሰውም ተደውሎ ተነገራቸው።

አንድ ነገር ቀርቷል። ሰኞ ከሰዓት መልእክቶቹ አሁንም ይዘገያሉ። መዝገቡ ወዲያው ይጻፋል፤ ሞደሙ ግን አንድ ስለሆነ ወረፋው ይረዝማል። መልእክቱን አሳጥረን 70 ፊደል ውስጥ ስናስገባው ብዙ ቀለለ፤ "ጠቅላላ ሂሳብዎ" ወደ "ድምር" ተቀየረ። ሀጂ ሁለተኛ ሞደም ሊገዙ ነው። ሲገዛ ሁለተኛ የሞደም ትሬድ ከዚያው ወረፋ ላይ ይነሳል። ያኔ አንድ አደጋ አለ፦ የአንድ ሻጭ ሁለት መልእክቶች በሁለት ሞደም ተከፍለው የኋለኛው ድምር ቀድሞ፣ የፊተኛው ዘግይቶ ሊደርስ ይችላል። ሻጩ የመጨረሻ ያያት ትንሿ ድምር ትሆንና እንደገና ጎደለብኝ ብሎ ይመጣል። ስለዚህ ወረፋው በሻጩ ስልክ ቁጥር የመጨረሻ አኃዝ ይከፈላል፤ ጎዶሎው ወደ አንዱ ሞደም፣ ሙሉው ወደ ሌላው። የአንድ ሰው መልእክት ሁሌም በአንድ መስመር ይሄዳል። ኮዱ ተጽፎ በሰኞው ሙከራ ላይ እየሮጠ ነው፤ ሞደሙ ብቻ ነው የሚጠበቀው።